የሚቀጥለውን አስር ዓመት ማቀድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዕድሜያቸው ወደ 30፣ 40፣ 50 ወይም 60 የተጠጋ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

አዲሱ አስር ዓመት የሚጀምረው 30 ሲሞላኝ ነው ወይስ 31?

30 ሲሞላዎ ነው። 30ኛ ልደትዎ ማለት 30 ዓመት ኖረው ጨርሰዋል፣ 31ኛውን ዓመት ዛሬ ጀመሩ ማለት ነው። ለዕቅድ ግን የአንድ ዓመት ክርክር ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ አስር ዓመት 120 ወር፣ ወደ 522 ሳምንት ነውና ከየትኛውም ጫፍ ቢጀምሩ ያው ነው። ይልቅ ማሰቡን ከልደቱ ሁለትና ሦስት ወር ቀደም ብለው ይጀምሩ። በልደት ሰሞን የሚጻፍ ዕቅድ ወይ በሞቅታ ይጋነናል ወይ በቁዘማ ይጨልማል።

ዕድሜዬ 34 (ወይም 47) ነው። በዜሮ የሚያልቅ ዕድሜ ላይ እስክደርስ ልጠብቅ?

አይጠብቁ። ከ34 እስከ 44 ያለውም አስር ዓመት ነው። ሰዎች ለመጀመር ምልክት የሚሆን ቀን እንደሚፈልጉ ግን እውነት ነው፤ ዳይ፣ ሚልክማንና ሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ጂም የሚሄዱት በሳምንት፣ በወርና በዓመት መጀመሪያ እንዲሁም ከልደታቸው በኋላ በዛ ብለው መሆኑን አሳይተዋል። ስለዚህ አዲስ ሥራ የሚጀምሩበት ወይም ቤት የሚቀይሩበት ቀን ልክ እንደ 40ኛ ልደት ያገለግላል።

ይህ ጉልበት ቶሎ የሚበርድ መሆኑን ግን አይርሱ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንዴ ከተደረጉ ኋላ ላይ ጽናት የማይጠይቁ ነገሮችን ይጨርሱ፦ የሐኪም ቀጠሮ ይያዙ፣ ለትምህርቱ ይመዝገቡ፣ ቁጠባው ከደመወዝዎ በራሱ እንዲቆረጥ ያድርጉ።

29 ወይም 39 ሲሆነኝ ለምን ይጨንቀኛል? ጤነኛ ነኝ?

ጤነኛ ነዎት። ቁጥሩ ሊዞር ሲል ሰው ወደኋላ መመልከት ይጀምራል። አልተርና ኸርሽፊልድ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት ማራቶን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሮጡ ሰዎች መካከል ዕድሜያቸው በ9 የሚያልቅ በርከት ብለው ተገኝተዋል፤ በመረጃው ጥንካሬ ላይ ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ጥያቄ አንስተውበታል። ያም ሆነ ይህ በጭንቀት ወቅት ሊመለስ የማይችል ውሳኔ አይወስኑ። ሥራ መልቀቅ፣ ፍቺ፣ ንብረት መሸጥ ከልደቱ ስድስት ወር በኋላም ትክክል መስለው ከታዩ ያኔ ይደርሳሉ። ጭንቀቱ እንቅልፍና ምግብ ከነሳዎ ደግሞ ጉዳዩ የዕቅድ ሳይሆን የሕክምና ነው።

ምኞት፣ ግብና ቅድሚያ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ምኞት እንዲሆን የሚፈልጉት፣ ግን ሙሉ በሙሉ በእጅዎ የሌለ ነገር ነው፦ መልካም ትዳር፣ ጤነኛ ልጅ፣ የወላጅ ረጅም ዕድሜ። ግብ በራስዎ ሥራ የሚደረስበት፣ በመጨረሻም «ሆነ» ወይም «አልሆነም» የሚባልለት ነው፦ ዲግሪ መጨረስ፣ ዕዳ ከፍሎ መውጣት። ቅድሚያ ደግሞ ሁለት ነገሮች በተጋጩ ጊዜ የትኛው እንደሚያልፍ አስቀድሞ የተቆረጠ ውሳኔ ነው።

ሦስቱን በአንድ ዝርዝር መደባለቅ አብዛኛውን የአስር ዓመት ዕቅድ ያበላሸዋል፤ ሰውየው በእጁ ባልነበረ ነገር «ወደቅሁ» ይላል፣ በእጁ የነበረውን ደግሞ «ዕድል ነው» ብሎ ይተወዋል። ሦስት ገጽ ይያዙና ለየብቻ ይጻፏቸው። ቅድሚያው በትክክል መጻፉን የሚያውቁት ማን እንደሚሸነፍ ሲናገር ነው። «ቤተሰብ ቅድሚያዬ ነው» ምንም አይናገርም። «የቅዳሜ ተጨማሪ ሥራ ቢመጣ እንኳ ከሰዓት በኋላው የልጆቼ ነው» የሚለው ግን ተጨማሪ ገቢው መቅረቱን በግልጽ ይናገራል።

ባዶ ወረቀት ይዤ ተቀምጫለሁ። ከየት ልጀምር?

ካለፈው አስር ዓመት። ወረቀቱን አስር ቦታ ይክፈሉና ለእያንዳንዱ ዓመት የት እንደኖሩ፣ ምን እንደሠሩ፣ አብዛኛው ጊዜዎ ለማን ወይም ለምን እንደሄደ ይጻፉ። በትዝታ ብቻ አይሥሩ፤ የስልክ ፎቶዎችንና የባንክ መግለጫን ይክፈቱ፣ አለዚያ ሦስት አራቱ ዓመት ተደባልቆ ይቀራል። ሁለት ሰዓት ይበቃል። ሲጨርሱ ሁለት ነገር ያክብቡ፦ ሳያቅዱት የመጣ ጥሩ ነገርና በየዓመቱ ታቅዶ ያልተነካ ነገር። ለሦስተኛ ጊዜ የተገፋ ዕቅድ እንዲሁ «ዘንድሮስ» ተብሎ ወደ አዲሱ ዝርዝር መግባት የለበትም፤ ወይ ይሰረዛል፣ ወይ ያስቀረው ምክንያት በስሙ ይጠራል።

ቀጥሎ ያለፉትን አራት ሳምንታት ይመልከቱ፦ ሰዓቱ የት ገባ፣ ገንዘቡስ? ይህ በአፍ የሚባለውን ሳይሆን በተግባር ቅድሚያ እያገኘ ያለውን ያሳያል። ደስ አይልም፤ ግን ያለ እሱ የሚጻፍ ዕቅድ የሌላ ሰው ዕቅድ ይመስላል።

ከዚያ በኋላ ሳይቆጥቡ ከ25 እስከ 30 የሚደርሱ ምኞቶችን ይጻፉና ወረቀቱን ያሳድሩት። በነጋታው በእያንዳንዱ ላይ «ይህን ማድረጌን ማንም ባያውቅልኝ አደርገው ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ግማሽ ያህሉ እዚህ ላይ ቢወድቅ አይገረሙ።

ስንት ቅድሚያ ልያዝ?

በአንድ ጊዜ ሦስት፤ ትንሽ ልጅ ወይም የሚያስታምሙት ሰው ካለ ሁለት። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። የቀሩት አይጠፉም፣ «ከሦስት ዓመት በኋላ» የሚል ገጽ ላይ ይቀመጣሉ። አስር ዓመት ረጅም ስለሆነ በየተራ የሚሠራ ነገር ይበዛል፤ ሁሉንም በመጀመሪያው ዓመት መጀመር ግን አንዱንም ወደማያስጨርስ ድካም ይወስዳል።

በእርግጥ ያለኝ ጊዜ ስንት ነው?

ከሚያስቡት በጣም ያነሰ። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በቀን 8 ሰዓት ሲተኙ 56 ይሄድና 112 ይቀራል። ሥራ 45፣ መመላለሻ 10 ቢወስድ 57 ይቀራል። ምግብ፣ መታጠብና የቤት ሥራ በቀን 3 ሰዓት ቢሉት 36። ለቤተሰብና ለወዳጅ፣ ለሐዘንና ለደስታ በቀን 2 ሰዓት ሲሰጡ 22 ሰዓት ይቀራል። ከዚህም ግማሹን ድካም፣ ስልክና ያልታሰበ ጉዳይ ይበሉታል። በእጅ የሚገባው እንግዲህ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው። ዓመቱንም 52 ሳምንት ብለው አይቁጠሩ፤ ሕመምና ጉዞ ስላለ 48 ይበቃል። 10 ሰዓት በ48 ሲባዛ በዓመት 480፣ በአስር ዓመት 4,800 ሰዓት ይሆናል። የራስዎን ቁጥር በዚሁ መንገድ ያውጡ። ጨቅላ ልጅ ላላት እናት በሳምንት 3 ሰዓትም ላይገኝ ይችላል፣ ያንን አውቆ ማቀድ ደግሞ ኋላ ራስን ከመውቀስ ያድናል።

አሁን ግቡን በሰዓት ይተምኑት። ቋንቋን እንውሰድ። የአሜሪካ ዲፕሎማቶች የሚሠለጥኑበት ተቋም አንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ዐረብኛን ለሥራ በሚበቃ ደረጃ ለማወቅ 2,200 የክፍል ሰዓት ያስፈልገዋል ብሎ ይገምታል (ለአማርኛችን የሰጠው ግምት 1,100 ነው፣ እኛ በነፃ ያገኘነውን)። በሳምንት 5 ሰዓት ቢሰጥ በዓመት 240 ሰዓት ነው፤ 2,200ው ከዘጠኝ ዓመት በላይ ይፈጃል፣ ያውም የቤት ሥራው ሳይቆጠር። ይህ «ቋንቋ እማራለሁ» ብሎ ከአምስት ሌሎች ግቦች ጋር መደርደር የማይቻል መሆኑን በቁጥር ያሳያል። ወይ ሰዓቱ ይጨመራል፣ ወይ ደረጃው ወደ «ለመግባባት ያህል» ይወርዳል፣ ወይ ሌላው ግብ ይነሳል።

የአስር ዓመቱን ግብ ወደዚህ ሳምንት እንዴት ላውርደው?

ከጫፉ ወደኋላ ይምጡ። በአስረኛው ዓመት ምን ሆኖ ማየት ይፈልጋሉ? ያ እንዲሆን በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ምን መኖር አለበት? በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻስ? በ90 ቀን ውስጥስ? ከአራተኛው እስከ አስረኛው ዓመት ያለውን በዝርዝር መጻፍ ጊዜ ማባከን ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ይበቃል። የ90 ቀኑ ግን ቀንና ቦታ ይኑረው።

ለሳምንቱ «እንዲህ ሲሆን፣ እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ «ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ ስወጣ፣ ቤት ሳልገባ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አንድ ሰዓት አጠናለሁ።» ጎልዊትዘርና ሺራን እ.ኤ.አ. በ2006 የ94 ሙከራዎችን ውጤት ሰብስበው ሲያዩ እንዲህ ዓይነቱ ዕቅድ ግብን በመፈጸም ረገድ ጉልህ ልዩነት እንዳለው አግኝተዋል። የሚበላሸው «ሲሆን» የሚለው ክፍል ሲላላ ነው፤ «ጊዜ ሲኖረኝ» ምልክት አይሆንም፣ ከሥራ በር መውጣት ግን ይሆናል።

ልማድ እስኪሆን ድረስም ይታገሱ። ላሊና ባልደረቦቿ ለንደን ውስጥ ባደረጉት ጥናት አንድ አዲስ ድርጊት ሳይታሰብበት የሚደረግ ለመሆን ብዙውን ጊዜ 66 ቀን ገደማ ፈጅቷል፤ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንዳላፈረሰውም ታይቷል።

የምገምተው ጊዜ ሁልጊዜ ያንሰኛል። ምን ላድርግ?

የእርስዎ ብቻ ችግር አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ካነማንና ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ስም ያወጡለት የግምት ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጥናት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎች በአማካይ 34 ቀን ገደማ ይፈጅብናል አሉ፤ ነገሮች እጅግ ቢበላሹስ ሲባሉ 49 ቀን አሉ። የፈጀባቸው 55 ቀን ተኩል ነው። የከፋ የተባለው ግምት እንኳ እውነታውን አልደረሰበትም።

መድኃኒቱ ወደፊት ከመገመት ይልቅ ወደኋላ መቁጠር ነው፦ ያለፈው ተመሳሳይ ሥራ ስንት ፈጀ? ተመሳሳይ ከሌለዎት ያንን መንገድ የሄደ ሰው ይጠይቁ። ሁለቱም ካልተገኘ ግምትዎን በአንድ ተኩል ያባዙ። ይህ ሕግ አይደለም፣ ግን ከመጀመሪያው ቁጥር ይሻላል።

በ30ዎቹ፣ በ40ዎቹ፣ በ50ዎቹና በ60ዎቹ ምን ላይ ላተኩር?

ለሁሉም የሚሆን ዝርዝር የለም፤ ሰውነት ግን የራሱ ሰሌዳ አለው። አጥንት ከፍተኛ ጥንካሬው ላይ የሚደርሰው እስከ 30 ዓመት ገደማ ነው፣ ጡንቻም ከ30ዎቹ ጀምሮ ካልተሠራበት ቀስ በቀስ ይቀንሳል። የሴት የመውለድ አቅም በተለይ ከ35 በኋላ ስለሚቀንስ ልጅ የምትፈልግ ሴት ይህን ከትምህርትና ከሥራ ዕቅዷ ጎን አስቀምጣ ብታየው ይበጃል፣ «ወደፊት» ብላ ከምታሳድረው። በ40ዎቹ አጋማሽ የቅርብ ዕይታ ይደክማል። ማረጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ባለው ይመጣል። በ40ዎቹና በ50ዎቹ የብዙ ሰው ትልቁ ያልታቀደ ወጪ ወላጅን መጦር ነው፤ ከእህት ወንድም ጋር ማን ምን እንደሚሸፍን መነጋገር የሚያስፈልገው ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል፤ ከ65 በላይ ለሆኑት ሚዛን የሚያስጠብቅ ልምምድ በሳምንት ሦስት ቀን ይጨምራል። ቅድሚያዎ ምንም ይሁን ምን ከላይ ካሰላነው 10 ሰዓት ውስጥ ሦስቱን ለዚህ ያስቀምጡ።

ገንዘቡን በኋላ ብጀምረውስ?

ዋጋው ይህ ነው። በዓመት 7 በመቶ በሚያስገኝ፣ ትርፉም በየወሩ በሚደመር ቁጠባ ላይ በየወሩ 1,000 ቢያስገቡ በአስር ዓመት ወደ 173,000 ይሆናል፤ ከኪስዎ የወጣው 120,000 ነው። አምስት ዓመት ዘግይተው ቢጀምሩ ግን በመጨረሻው 71,600 ገደማ ብቻ ይኖርዎታል። ያንኑ 173,000 በአምስት ዓመት ለመድረስ በየወሩ ከ2,400 በላይ ያስፈልጋል። የዋጋ ንረቱ ከትርፉ ከበለጠ ገንዘቡ ቁጥሩ እያደገ አቅሙ ስለሚያንስ የት እንደሚቀመጥም ይታሰብበት።

ቅደም ተከተሉ፦ በመጀመሪያ የአንድ ወር ወጪ የሚሸፍን መጠባበቂያ፣ ቀጥሎ ወለዱ ከባድ የሆነ ዕዳ፣ ከዚያ መጠባበቂያውን ወደ ሦስት ወይም ስድስት ወር ማሳደግ፣ በመጨረሻ የረጅም ጊዜ ቁጠባ። ይህን ገልብጦ ከባድ ወለድ እየከፈሉ በትንሽ ትርፍ መቆጠብ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው።

ዕቅዴን ለሰው ልንገር?

ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው፣ ያውም «የት ደረሰ?» ብሎ ለሚጠይቅ። ገና ሳይጀመር ለሁሉም ማወጅ ምስጋናውን አስቀድሞ ያስበላል።

የባለቤቴ ዕቅድ ከእኔ ጋር ይጋጫል። እንዴት እንስማማ?

መጀመሪያ ለየብቻ ጻፉ፤ አብሮ ሲጻፍ ድምፁ ከፍ ያለው ያሸንፋል። ከዚያ ወረቀት ተለዋወጡና ያለ ክርክር አንብቡ። አብዛኛው ግጭት የዓላማ ሳይሆን የተራ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል፦ ሁለታችሁም መማር ትፈልጋላችሁ፣ ሁለት የትምህርት ክፍያ ግን በአንድ ጊዜ አይቻልም። እንዲህ ሲሆን ማን እንደሚቀድም ብቻ ሳይሆን ተራው መቼ እንደሚዞር በቀን ይጻፍ። «አንቺ መጀመሪያ ጨርሺ» ተብሎ የመመለሻው ቀን ያልተጻፈ ስምምነት ከአምስት ዓመት በኋላ ቅሬታ ሆኖ ይመጣል።

እውነተኛ የዓላማ ልዩነት ሲሆን፣ ለምሳሌ አንዱ ልጅ ሲፈልግ ሌላው ሳይፈልግ፣ መሀል ላይ መገናኘት የለም። ግማሽ ልጅ አይወለድም። ይህን በዕቅድ ወረቀት ለመፍታት አትሞክሩ፤ ሁለታችሁም የምታከብሩት ሽማግሌ ወይም የጋብቻ አማካሪ ባለበት ተነጋገሩ፣ ውሳኔውንም በአንድ ምሽት አትጨርሱት።

ትልቁ ምኞቴ በእጄ ካልሆነስ? ትዳር፣ ልጅ፣ የውጭ ዕድል?

ምኞቱን ከወረቀቱ አያውጡት፤ የጊዜ ገደብ ግን አይስጡት። «በ33 ዓመቴ አገባለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ወይ ያስጨንቃል ወይ ወዳልሆነ ሰው ይገፋል። ከምኞቱ ሥር በእጅዎ ያለውን ይጻፉ፦ አዲስ ሰው የሚተዋወቁበት ቦታ በወር ሁለት ጊዜ መገኘት፣ ቆይቶ ያላለቀ የፍቅር ጉዳይ ካለ መዝጋት፣ የሰነድ ማመልከቻዎችን ማሟላት። ከዚያ ጎን «ይህ ባይመጣም በእነዚህ አስር ዓመታት የማልተወው» የሚል አንድ ነገር ያክሉ። ኑሮን ሁሉ «እስክሄድ ድረስ ነው» ወይም «እስካገባ ድረስ ነው» በሚል ማሳደር፣ ምኞቱ ቢሳካም እንኳ የሚጎዳ ልማድ ነው።

በየስንት ጊዜው ልከልሰው?

በሳምንት 15 ደቂቃ፣ በየሦስት ወሩ አንድ ሰዓት፣ በዓመት ግማሽ ቀን። በሳምንቱ ክለሳ ግብ አይቀየርም፣ የሚቀጥለው ሳምንት ሰዓት ብቻ ይያዛል። ቅድሚያ የሚለወጠው በዓመታዊው ብቻ ይሁን፤ ካልሆነ አንድ መጥፎ ሰኞ የአስር ዓመቱን አቅጣጫ ያስቀይራል። ሞት፣ ልደት፣ ከሥራ መባረርና ከባድ ሕመም ከዚህ ውጪ ናቸው። እነዚህ ሲመጡ ዕቅዱ ለሦስት ወር ይታጠፍና እንደገና ይከፈታል።

ከአስር ዓመት በኋላ ሌላ ሰው ከሆንኩ ማቀዱ ምን ይጠቅማል?

ይሆናሉም። ክዎይድባክ፣ ጊልበርትና ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት፣ ከ18 እስከ 68 ዓመት የሆኑ ከ19,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ ሰዎች ባለፈው አስር ዓመት ብዙ ተለውጫለሁ ሲሉ በሚመጣው ግን ያን ያህል አልለወጥም ብለው እንደሚገምቱ አሳይቷል። ይህ በሁሉም ዕድሜ የታየ ነው።

ተግባራዊ ትርጉሙ ይህ ነው፦ ጣዕም ቢለወጥም የማይባክኑ ነገሮች (ጤና፣ ቁጠባ፣ ሙያ፣ ጥቂት ጠንካራ ወዳጅነት) ሙሉ ጉልበት ይሰጣቸው። በዛሬው ጣዕም ላይ የቆሙትና ለመመለስ ከባድ የሆኑት፣ ለምሳሌ ሩቅ ቦታ ቤት መሥራት ወይም ያለዎትን ሁሉ በአንድ ንግድ ላይ ማፍሰስ፣ መጀመሪያ በትንሹ ይሞከሩ። ሄዶ መኖር የሚፈልጉበትን ከተማ ሦስት ወር ተከራይቶ መኖር፣ ያውም በመጥፎው ወቅት፣ ከብዙ ዓመት ሐሳብ የበለጠ ይነግራል።

አንድን ግብ መቼ ነው የምተወው? ተስፋ መቁረጥና መተው በምን ይለያሉ?

የሚተውበትን ሁኔታ ሲጀምሩ ይጻፉ፤ መሀል ላይ ሆነው ሲወስኑ የፈሰሰው ገንዘብና ዕንባ ይዳኛል። «በሁለት ዓመት ውስጥ ሥራው የራሱን ኪራይ መክፈል ካልቻለ እዘጋለሁ» ዓይነት፣ ቁጥርና ቀን ያለው ይሁን። ቀኑ ሲደርስ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የተያዘለትን ሰዓት በእርግጥ አግኝቷል? ያልሆነበት ምክንያት ሊስተካከል የሚችል ነው? ዛሬ ከባዶ ብጀምር እመርጠው ነበር? ሰዓቱን ሳያገኝ የቀረ ግብ ገና አልተሞከረም፤ እሱን መተው ተስፋ መቁረጥ ሊሆን ይችላል። ሰዓቱን አግኝቶ፣ ምክንያቱም የማይስተካከል ሆኖ፣ ሦስተኛው መልስ «አይ» ከሆነ ይተዉት።

ሮሽና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ሊደረስበት ከማይችል ግብ እጃቸውን ማንሳት የሚችሉና ሌላ ትርጉም ያለው ግብ የሚይዙ ሰዎች የተሻለ የአእምሮ ደኅንነት እንዳላቸው አግኝተዋል። ሁለተኛው ክፍል ብዙ ጊዜ ይረሳል። ስለዚህ አንዱን ሲሰርዙ የተለቀቀውን ሰዓት በዚያው ሳምንት «ከሦስት ዓመት በኋላ» ካሉት ገጽ ላይ ለተቀመጠ አንድ ነገር ይስጡ፤ ባዶውን ከተዉት ስልክ ይወስደዋል።